ከአገና በላይ የሚያልፉ መስመሮች፦ የአጭር ርቀት በረራ በኢትዮጵያ እንዴት አደገ፣ እንዴትስ ይሠራል

በአዲስ አበባና በጅማ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል በካርታ ላይ ቀጥታ መስመር ቢሰመር፣ መስመሩ አጋማሹ ላይ ሲደርስ ወልቂጤን ሊነካ ይቃረባል፤ ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ የሚሰመረው ደግሞ ከቡታጅራ ብዙም ሳይርቅ ወደ ደቡብ ይወርዳል። የእዣ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው አገና በእነዚህ ሁለት መስመሮች መካከል ትገኛለች። ይሁን እንጂ በጉራጌ ምድር መደበኛ የመንገደኛ በረራ የሚያስተናግድ አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌለ፣ ከአገና ተነስቶ በአውሮፕላን መሄድ የሚሻ ሰው አስቀድሞ በመኪና አዲስ አበባ ድረስ ተጉዞ ቦሌ መግባት ይኖርበታል። ነገሩ አካባቢው ተዘንግቶ የቀረ ያስመስለው እንጂ፣ በአጭር ርቀት በረራ የተሰማራ አየር መንገድ በምን እንደሚኖርና በምን እንደሚከስም ለተረዳ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እንዲህ ያለው አየር መንገድ ሥራ የሚያገኘው ገደሉ፣ ተራራው ወይም ውሃው የየብሱን ጉዞ ባስረዘመበት ስፍራ ነው።

በአጭር ርቀት ላይ የሚሠራ ወይም ክልላዊ የሚባል አየር መንገድ ሰፊ አካል ካላቸው ጄቶች ይልቅ ከ20 እስከ 90 የሚደርሱ መቀመጫዎች ባሏቸው አነስተኛ አውሮፕላኖች፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ተኩል በማይበልጥ በረራ፣ አነስተኛ ከተሞችን ከአንድ ትልቅ ማዕከል ጋር የሚያገናኝ ድርጅት ነው። የዚህ ሥራ ዋና መሣሪያ ተርቦፕሮፕ የሚባለው አውሮፕላን ሲሆን፣ ሞተሩ እንደ ጄት በሚነድ ጋዝ እየተሽከረከረ ኃይሉን ለፕሮፔለር ማለትም ለውጭው ተሽከርካሪ ምላጭ ያስተላልፋል። ተርቦፕሮፕ ከጄት ይዘገያል፤ ነገር ግን በአጭር ርቀት አውሮፕላኑ ከፍታውን ይዞ በሙሉ ፍጥነት የሚበርበት ጊዜ ጥቂት ስለሆነ የጄቱ ፍጥነት የሚያተርፈው ደቂቃ ትንሽ ነው፤ የተርቦፕሮፑ የነዳጅ ቁጠባ ግን ከመነሻ እስከ መድረሻ ይቆጠራል።

የእነዚህን ድርጅቶች ጠባይ በጉልህ ከሚያሳዩ አገሮች አንዷ ዴንማርክ ናት። ዴንማርክ በባሕር የተቆራረጠች የደሴቶችና የአንድ ልሳነ ምድር አገር ስትሆን፣ ከፍተኛው የተፈጥሮ ከፍታዋ 170 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 በሰንደርቦር ከተማ የተመሠረተው ሲምበር ኤር የዳርቻ ከተሞችን ከኮፐንሃገን ጋር በማገናኘት ለስድስት ዐሥርተ ዓመታት ኖረ። በእነዚያ ዓመታት ግን የዴንማርክ ምሥራቅና ምዕራብ በድልድይ ተገናኘ፤ ታላቁ ቤልት በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ላይ የተሠራው ማገናኛ እ.ኤ.አ. በ1997 ለባቡር፣ በ1998 ደግሞ ለመኪና ሲከፈት፣ ቀደም ሲል በጀልባ ወረፋ የሚጠፋው ጊዜ ቀረና የአገር ውስጥ በረራው ገበያ በከፍተኛ ደረጃ ተመናመነ። ሲምበር እ.ኤ.አ. በ2008 የከሰረውን የስተርሊንግ አየር መንገድ ስምና ከፊል ሥራ ገዝቶ በትላልቅ ጄቶች ወደ መዝናኛ በረራ ቢገባም፣ ከለመደው ሥራ መውጣቱ አላዋጣውምና እ.ኤ.አ. በ2012 ለኪሳራ ተዳረገ።

ከዚሁ አገር የወጣው ሌላው ድርጅት ዳኒሽ ኤር ትራንስፖርት ሌላ መንገድ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1989 ባልና ሚስት ያቋቋሙት ይህ ድርጅት ቫምድሩፕ በምትባል አነስተኛ ስፍራ ተቀምጦ፣ ከጭነትና ከኪራይ በረራ ጀምሮ ቀስ በቀስ ኤ.ቲ.አር. የሚባሉትን ፕሮፔለር አውሮፕላኖች እየገዛ አደገ። የገቢው ምንጭ ብዙ ነው፤ በአንድ በኩል በራሱ ስም የቦርንሆልምን ደሴት ከኮፐንሃገን ጋር የሚያገናኝ መደበኛ በረራ ያካሂዳል፤ በሌላ በኩል አውሮፕላኑን ከአብራሪው፣ ከአስተናጋጁ፣ ከጥገናውና ከመድኑ ጋር ለሌሎች አየር መንገዶች ያከራያል። በኖርዌይ ደግሞ መንግሥት ለሕዝብ ያስፈልጋሉ ብሎ በሚደጉማቸው፣ በጨረታ በሚሰጡ መስመሮች ላይ ሠርቷል። የድርጅቱ ጥንካሬ ያለው አንዱ መስመር ቢደክም ሌላው እንዲይዘው አድርጎ መደራጀቱ ላይ ነው።

ኢትዮጵያ ባሕር ባይቆራርጣትም የዓባይ፣ የተከዜ፣ የጊቤና የኦሞ ሸለቆዎች ከባሕር ባልተናነሰ ይለያዩዋታል። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. አየር መንገድ ጋር በተደረገ ስምምነት የተመሠረተው የኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ ዛሬ በዓለም አቀፍ በረራው ይታወቅ እንጂ አነሳሱ እንደ ማንኛውም አነስተኛ ክልላዊ ድርጅት ነበር። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲበር የተጠቀመበት ሲ-47 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለሠራዊት ማጓጓዣ የተሠራ፣ በሲቪል ስሙ ዲሲ-3 የሚባል ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን ነው። ድርጅቱ በአምስት ሲ-47ዎች ሲጀምር መንገደኞች ግድግዳ ተደግፈው በተዘረጉ አግዳሚ ወንበሮች ፊት ለፊት ተያይተው ይቀመጡ ነበር፤ ጭነቱም በመካከላቸው ወለሉ ላይ በገመድ ይታሰራል። መነሻው ልደታ የነበረው ማረፊያ ነው።

የዚያ አውሮፕላን ዋጋ በምቾት አይለካም። ዲሲ-3 ጅራቱን መሬት ላይ አሳርፎ የሚቆም፣ ሰፋፊ ጎማ ያለው፣ ሣር በበቀለበት ሜዳና ጠጠር በተደለደለበት አጭር መንደርደሪያ ላይ ማረፍ የሚችል ስለነበር፣ አስፋልት ገና ባልደረሰባቸው ዓመታት እንደ ጎሬ፣ ቴፒ፣ ሚዛን ተፈሪ፣ መንዲና ደብረ ማርቆስ ያሉ ከተሞች በበረራ መስመር ውስጥ ሊገቡ ችለዋል። ወደ መሀል አገር ቡናና ሌላ ምርት ሲመጣበት፣ ወደ ጠረፍ ፖስታ፣ መድኃኒት፣ የመንግሥት ሠራተኛና ሸቀጥ ይሄድበት ነበር፤ ከድሬዳዋም ጫት እየጫነ በዚያ ቀን ትኩስነቱ ሳይጠፋ ወደ ጅቡቲና ወደ ዓደን ያደርስ ነበር። የአየር መንገዱ የባለሙያ ትውልድም ያደገው በዚህ ሥራ ላይ ነው። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የንግድ አውሮፕላን ዋና አብራሪ ለመሆን የበቁት በዚሁ በዲሲ-3 ላይ ነበር። ዛሬ ባለ 300 መቀመጫ ጄቶችን የሚያስተዳድረውን ተቋም ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከቦይንግ ይልቅ ከእነዚህ የሣር ሜዳዎች ቢጀምር ለእውነቱ የቀረበ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1962 መጨረሻ ቦይንግ 720 ጄቶች ሲመጡ የልደታ ሜዳ አጭር ስለነበር ሥራው ወደ ቦሌ ተዛወረ። ከዚያ በኋላ የድርጅቱ ሥራ በሁለት ዓይነት አውሮፕላን ተከፈለ፤ ጄቱ ወደ ውጭ ሲበር፣ አሮጌው ዲሲ-3 በአገር ውስጥ ለብዙ ዓመታት አገልግሏል። ተተኪ ማግኘት ቀላል አልነበረም። በደርግ ዘመን ቱዊን ኦተርና ኤ.ቲ.አር. 42፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ደግሞ ፎከር 50 ተሞከሩ። ቦይንግ 737 በአገር ውስጥ መስመር ላይ ሲሠራም መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሳው አውሮፕላን የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገብቶበት ወድቆ፣ ተሳፍረው ከነበሩት 104 ሰዎች የ35ቱ ሕይወት አልፏል። ይህ አደጋ በአነስተኛ ማረፊያ ዙሪያ ያለው የቆሻሻና የእርሻ አያያዝ፣ ወፍ የሚስበው ነገር ሁሉ፣ የበረራ ደኅንነት ጉዳይ መሆኑን በከባድ ዋጋ ያሳየ ነው።

የአገር ውስጡን ሥራ ዛሬ የተሸከመው በካናዳ የተሠራው ዳሽ 8 ኪው 400 ሲሆን፣ አየር መንገዱ ስምንቱን እ.ኤ.አ. በ2008 አዝዞ የመጀመሪያውን በ2002 ዓ.ም. ተረክቧል፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው ከ30 አልፏል። አውሮፕላኑ ከ70 በላይ መንገደኞች ይይዛል፤ ሁለት ሞተሮቹ እያንዳንዳቸው ስድስት ምላጭ ያለው ፕሮፔለር ያዞራሉ፤ በሰዓት እስከ 660 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚበር በመሆኑም ከተርቦፕሮፖች ሁሉ ፈጣን ከሚባሉት አንዱ ነው። ለኢትዮጵያ መመረጡ ግን ከፍጥነቱ ይልቅ ከጉልበቱ የመጣ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉ የሚያገኘው የማንሳት ኃይል፣ ሞተሩ የሚተነፍሰው አየርና ፕሮፔለሩ የሚገፋው አየር ሁሉም ይቀንሳል፤ በመሆኑም አውሮፕላኑ ለመነሳት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል ወይም የሚይዘውን ክብደት መቀነስ አለበት። ፀሐይ ሲጠነክር አየሩ ይበልጥ ይሳሳል፤ ለዚህም ነው ከፍተኛ ቦታ ላይ የጠዋት በረራ ከቀትር በረራ የተሻለ ጭነት ሊይዝ የሚችለው። መሬቷ ከባሕር እምብዛም በማይርቅባት በዴንማርክ ለአንድ አብራሪ ይህ ስሌት የዕለት ጉዳይ አይደለም፤ ደጋና ቆላ በአንድ ቀን ለሚያዳርሰው የኢትዮጵያ አብራሪ ግን ከ2,300 ሜትር ተነስቶ 500 ሜትር ገደማ ላይ ባለው የጋምቤላ ሙቀት ማረፍ፣ ከዚያም ተመልሶ መነሳት የተለመደ ሥራ ነው።

የአጭር ርቀት በረራ ትርፍና ኪሳራ የሚወሰነው አውሮፕላኑ መሬት ላይ በሚቆይባቸው ደቂቃዎች ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንድ ኪው 400 ጅማ ሲያርፍ የፊተኛው በር ከነመወጣጫው ተዘርግቶ ይወርዳል፤ የመሰላል መኪና መጠበቅ ስለማያስፈልግ መንገደኛው ወዲያው ወርዶ በእግሩ ወደ ማረፊያው ሕንፃ ይሄዳል። ሠራተኞች የኋላውን የጭነት በር ከፍተው ሻንጣውንና ዕቃውን በእጅ ያወርዳሉ፤ የሚሄደውንም እየመዘኑና ክብደቱ በፊትና በኋላ ሚዛኑን እንዲጠብቅ እየተጠነቀቁ ይጭናሉ። ነዳጅ በሁሉም የክልል ማረፊያ ስለማይገኝ የመመለሻው ነዳጅ አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ተሞልቶ ይመጣል፤ ይህም ራሱ ክብደት ነው። ረዳት አብራሪው በአውሮፕላኑ ዙሪያ ተዘዋውሮ ጎማውን፣ ፕሮፔለሩን፣ የሚያንጠባጥብ ዘይት መኖር አለመኖሩን ይመለከታል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት በታች መጠናቀቅ አለበት፤ ምክንያቱም በርከት ያሉ የክልል ማረፊያዎች ለሌሊት በረራ የሚሆን መብራት ስለሌላቸው ሥራው በቀን ብርሃን የታጠረ ነው፤ ማለዳ በአንድ ከተማ የባከነ ሠላሳ ደቂቃም በዚያ አውሮፕላን ከዚያ በኋላ የሚሄዱትን ሁሉ እያዘገየ እስከ ማታ ይዘልቃል። የክረምት ደመናና ጭጋግ ሲጨመርበት የመዘግየቱ ምክንያት በአብዛኛው ለመንገደኛው የማይታይ፣ ሁለት ከተማ ወዲያ የተፈጠረ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ለመንገደኛው የማይታየው ወጪ ከአውሮፕላን እርጅና ጋር የተያያዘ ነው። የአውሮፕላን ድካም የሚለካው በበረረበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን በዙር ማለትም በተነሳበትና ባረፈበት ቁጥር ነው፤ በእያንዳንዱ ዙር የአውሮፕላኑ አካል በአየር ግፊት ይነፋል፣ ተመልሶ ይተነፍሳል፣ ጎማውና ፍሬኑ ይፈተናል፣ ሞተሩም ከፍተኛ ጉልበቱን ያወጣል። አንድ ትልቅ ጄት ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ደርሶ ጥቂት ዙር ሲያስቆጥር፣ አንድ ኪው 400 በአንድ ቀን ስምንት ዙር ሊያደርግ ይችላል። በዚህ ምክንያት አነስተኛ አየር መንገድን ከሚጥሉት ነገሮች መካከል የጥገና ወጪ ከፊት ይሰለፋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የራሱ የጥገና ማዕከልና አብራሪዎችን የሚያሠለጥንበት የኪው 400 ማስመሰያ ያለው መሆኑ ይህን ሸክም ያቀለዋል፤ ይሁን እንጂ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2021 አዲስ ኪው 400 መሥራት ስላቋረጠ ያሉትን ለረጅም ጊዜ ጠብቆ ማቆየት የግድ ሆኗል።

ወደ ገንዘቡ ሲመጣ ወሳኙ ቃል የመቀመጫ ሙሌት ነው፤ ይህም ከቀረቡት መቀመጫዎች ውስጥ የተሸጡት ስንት እጅ እንደሆኑ የሚያሳይ መለኪያ ነው። አውሮፕላን ግማሹን ባዶ ቢበርም አብራሪው፣ የማረፊያ ክፍያውና አብዛኛው ነዳጅ አይቀንስም። የጉራጌን ምድር ጉዳይ በዚህ ዓይን መመልከት ብዙ ያስረዳል። በመስከረም ወር ለመስቀል በዓል ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ወደ አገና፣ ወደ ወልቂጤ፣ ወደ ቡታጅራ፣ ወደ እምድብርና ወደ ጉብሬ የሚጎርፈው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው፤ በዚያ ሰሞን ብቻ ቢቆጠር የትኛውንም አውሮፕላን ይሞላል። ነገር ግን ፍሰቱ በአንድ አቅጣጫ ነው፤ የሚሄደው ሲሞላ የሚመለሰው ባዶ ይሆናል፣ ከበዓሉ በኋላም ነገሩ ይገለበጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የዓመቱ ክፍል ደግሞ በአውሮፕላን ዋጋ የማይከፈልበት የአጭር ጊዜ ጉዞ ነው። የመኪና ትራንስፖርት ለበዓል ሰሞን ከሌላ መስመር አውቶቡስ አምጥቶ መጨመር ይችላል፤ ለሦስት ሳምንት ሩጫ ተብሎ የሚገዛ አውሮፕላን ግን የለም።

ርቀቱም ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። ወልቂጤ በመንገድ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በአየር ሲለካ ደግሞ ርቀቱ ከ140 ኪሎ ሜትር በታች ነው። ለዚህ በአየር ላይ የሚቆዩበት ጊዜ ወደ 25 ደቂቃ ቢጠጋም፣ መንገደኛው ወደ ቦሌ የሚሄድበት፣ የሚፈተሽበት፣ የሚጠብቅበትና ደርሶም ወደ ከተማ የሚገባበት ጊዜ ሲደመር በመኪና ከሚፈጀው ጊዜ ብዙ አይለይም። በጅማ መስመር በረራው ሊዘልቅ የቻለው የየብሱ ጉዞ 350 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋና የጊቤን ሸለቆ መውረድና መውጣት ስላለበት ነው፤ የአየሩ ርቀት ግን 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ለጉራጌ አውራጃዎች የየብሱ መንገድ ቅርብ የሆነው በተፈጥሮ ብቻ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ የነበሩ የአካባቢው ተወላጆች የጉራጌ ሕዝብ መንገድ ሥራ ድርጅትን አቋቁመው፣ ከነጋዴው እስከ ጫማ ጠራጊው ከእያንዳንዱ ገንዘብ እያዋጡ፣ ያለመንግሥት ሙሉ በጀት የገጠሩን መንገድ አሠርተዋል። እነዚያ ሰዎች ያዋጡት ገንዘብ ዛሬ አውሮፕላን የማያስፈልግበትን ሁኔታ ፈጥሯል ማለት ይቻላል፤ ይህም ከሚነገረው በላይ ሊነገር የሚገባው ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ መስመር በራሱ ሲሰላ ቢከስርም ለጠቅላላው ድርጅት ሊያተርፍ እንደሚችል መዘንጋት የለበትም። ከጎንደር ወይም ከጅግጅጋ ወደ አዲስ አበባ የሚበር መንገደኛ በዚያው ዕለት ወደ ዱባይ፣ ወደ ጓንግዙ ወይም ወደ ዋሽንግተን የሚቀጥል ከሆነ፣ የአገር ውስጡ በረራ ለውጭው መጋቢ ይሆናል። አየር መንገዱ በራሱ ዓለም አቀፍ በረራ አገር ለሚገቡ ጎብኚዎች በአገር ውስጥ ትኬት ላይ ቅናሽ የሚሰጠውም ይህን ትስስር ለማጠንከር ነው። በመርካቶ የሚነግድ የጉራጌ ተወላጅ ዕቃ ለመግዛት ጓንግዙ ይመላለስ እንጂ በአገር ውስጥ አውሮፕላን አንድም ቀን ላይሳፈር ይችላል፤ የእርሱ ትኬት ግን ለጅንካ ወይም ለደምቢ ዶሎ የሚበረውን ፕሮፔለር በተዘዋዋሪ ይደጉማል።

ይኸው የመጋቢነት ሐሳብ ከኢትዮጵያ ውጭም ተሞክሯል። በጥር 2002 ዓ.ም. በቶጎ ዋና ከተማ ሎሜ ሥራ የጀመረው አስካይ አየር መንገድ የተመሠረተው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ባለድርሻና የሙያ አጋር ሆኖበት ሲሆን፣ መጀመሪያ ኪው 400ንም ተጠቅሟል፤ በማላዊ አየር መንገድ ውስጥም የኢትዮጵያው ድርሻ 49 በመቶ ነው። በአገር ውስጥ ግን የግል ባለሀብቱ ሜዳ ጠባብ ሆኖ ቆይቷል፤ ሕጉ ለረጅም ጊዜ የግሉን ዘርፍ በአነስተኛ አውሮፕላን ላይ ስለወሰነው፣ አቢሲኒያን ፍላይት ሰርቪስና ትራንስ ኔሽን ኤርዌይስን የመሳሰሉ ድርጅቶች በአብዛኛው በኪራይ በረራ፣ በእርዳታ ድርጅቶችና በማዕድን ሥራ፣ እንዲሁም በሕክምና ማጓጓዝ ላይ ተሰማርተዋል። ለእነዚህ እንደ ሴስና ካራቫን ያለ ባለአንድ ሞተር አውሮፕላን ይበቃል፤ ጥርጊያ ሜዳ ላይ ስለሚያርፍም ዲሲ-3 ትቶት የሄደውን ሥራ በከፊል ይሸፍናል። ዳኒሽ ኤር ትራንስፖርት ያደገበት መንገድ፣ ኪራይን ከመደበኛ መስመር ጋር ማጣመር፣ እዚህ በግሉ ዘርፍ ገና ሙሉ በሙሉ አልተሞከረም፤ ሕጉና የውጭ ምንዛሪ ቢፈቅዱ ግን በተለይ ለደቡብና ለምዕራብ ጠረፍ ከተሞች ትልቅ ተስፋ ያለው ይመስላል።

በረራ ሲቋረጥ ምን እንደሚደርስ በትግራይ ታይቷል። በጦርነቱ ሳቢያ ተቋርጦ የቆየው የመቐለ በረራ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. እስከቀጠለበት ድረስ በየብስም መንገዱ ዝግ ስለነበር፣ የአየር መስመሩ መከፈት ለተለያዩ ቤተሰቦች የመገናኘት የመጀመሪያ ዕድል ሆኖ ነበር። አንድ መስመር ትርፋማ ነው አይደለም የሚለው ጥያቄ በእንዲህ ያለ ጊዜ ብቻውን መልስ አይሆንም፤ ኖርዌይ በመንግሥት ድጎማ የምታኖራቸው መስመሮችም የተመሠረቱት በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው።

ለጉራጌ መንገደኛ በሚመጡት ዓመታት ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው በቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲሱ ግዙፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሳይሆን አይቀርም። በዕቅዱ መሠረት የዓለም አቀፉ በረራ ወደዚያ ሲዛወር ቦሌ በአብዛኛው ለአገር ውስጥ በረራ ይቀራል። ለቡታጅራ ሰው ነገሩ ሊቀልለት ይችላል፤ በዝዋይ ወጥቶ የሞጆን ፈጣን መንገድ ይዞ አዲስ አበባ ሳይገባ ቢሾፍቱ መድረስ ይቻላልና። ለወልቂጤና ለአገና ግን የአዲስ አበባን ከተማ ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ይጨምርባቸዋል። ከዚህም የሚከብደው የአየር መንገዱ ጥያቄ ነው፤ ከጅማ ወይም ከአርባ ምንጭ መጥቶ ወደ ውጭ የሚቀጥለው መንገደኛ በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል በምን ተሳፍሮ፣ በስንት ደቂቃ፣ ሻንጣውንስ ማን ይዞለት ይሻገራል የሚለው ካልተፈታ፣ ትንሹ አውሮፕላን ለትልቁ መጋቢ የነበረበት አሠራር ከመሠረቱ እንደገና መሰላት ይኖርበታል።